ያልጠፋችው ጊደር

ከመሪጌታ አምባው፣ አሶሳ
ለሎዛ ጅረኛ፣ ቶንጎ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለፀሐይ መውጫዋን፣ ለጨረቃ ሙላቷንና ጉድለቷን፣ ለሰው ልጅም ለእያንዳንዱ የየራሱን መልክ በሰጠው በእግዚአብሔር ስም ሰላምታዬ ይድረስሽ። የልጅ ልጄ ሎዛ፣ እንደምን ከርመሻል? የቶንጎ አየር እንዴት ይዞሻል? ተማሪዎችሽስ? እኛ ከጉልበቴ በቀር ሁላችንም ደኅና ነን፤ ጉልበቴም ቢሆን ስሰግድ ያጉረመርማል እንጂ እምቢ አላለም። እናትሽ ዘመናይ «ጽፈህ ስትጨርስ የእኔንም ሰላምታ ጨምር» ብላኛለች፤ እንዳልረሳው አስቀድሜ ጨመርሁት።

ሙዳሲር ደብዳቤሽንና ወረቀቶቹን አድርሶልኛል። ስልኩ በእናንተ አገር ሲፈልግ ተከፍቶ ሳይፈልግ የሚዘጋ ስለሆነ ይህ ሾፌር ለእኛ የተላከልን በረከት ነው። ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ጠራኝ።

«ያ ሼኽ! ሎዛ ደኅና ነው! ወላሂ በዓይኔ አየሁት። ይህን ለመሪጌታ ስጥ አለኝ።»

ቤርታ ነውና አማርኛችን በአፉ ሲያልፍ ሁሉን ወንድ ያደርጋል። እኔን «ሼኽ» ማለቱንም ተቀብያለሁ፤ ሽማግሌ ማለት ነውና እውነቱን ነው።

በመምህራን ሥልጠናው የተሰጣችሁን ጽሑፍ መነጽሬን ጠርጌ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። «አስፐርገር» የሚለውን ስም ምላሴ ገና አልለመደውም፤ ዛሬ ሐኪሞቹ ኦቲዝም ከሚሉት ሰፊ ስም ሥር እንደሚያኖሩትም ተረድቻለሁ። ሰው አብሮት የሚወለደው ነገር እንጂ ከአሳዳጊ ጥፋት የሚመጣ አለመሆኑን፣ የሰውን ፊትና የተሸፈነ ንግግር መረዳት እንደሚያስቸግር፣ አንድን ነገር ከያዙ አጥብቀው እንደሚይዙ፣ ለእኛ ተራ የሆነ ድምፅ ለእነርሱ እንደ መዶሻ እንደሚሆን ይናገራል። እኛ ቅኔ ቤት ሰሙን ገፈን ወርቁን ለማየት ዓመታት ደክመናል። ወንድምሽ ቢሊሱማ ግን ሰሙን ሲያይ ሰም ነው ይላል፤ በዚያ ያርፋል። ይህን ሳነብ ጸሐፊው ወንድምሽን ከፊቱ አስቀምጦ የሣለው መሰለኝ።

አንድ ነገር ግን አላስተኛኝም። በጥምቀት ማሕሌት ከበሮው ሲጎሰም ሁለት ጆሮውን ደፍኖ በመቆሙ ዝማሬውን የናቀ መስሎኝ ጆሮውን ቆንጥጬ አስወጥቼው ነበር። የታመመውን ጆሮ ራሱን! ስለዚህ ትናንት ከማንጎው ሥር አገኘሁትና እንዲህ ተባባልን፦

«ቢሊሱማ፣ ያን ጊዜ ስለ ቆነጠጥሁህ ይቅር በለኝ።»

«የትኛውን ጊዜ?»

«ጆሮህን ስለ ደፈንህ።»

«ሁለት ጊዜ ነው የቆነጠጡኝ። አንዱ በጥምቀት፣ አንዱ በኪዳነ ምሕረት።»

«እንግዲያስ ለሁለቱም።»

«እሺ። አሁን ወደ ዛፌ ልመለስ?»

ተመለሰ። ከዚህ በላይ ፈጣን የኃጢአት ፍትሐት አይቼ አላውቅም። ከእንግዲህ በማሕሌት ጊዜ ከቅጥሩ በር አጠገብ እንዲቆም ተስማምተናል፤ ድምፁ እዚያ ለስልሶ ይደርሰዋል። ባለፈው እሑድ ከመዘምራኑ መካከል አንዱ ዜማ እንደ ሳተ የነገረኝም እርሱ ነው፤ እኔ አልሰማሁም ነበር።

በደብዳቤሽ መጨረሻ ስለ ታናሽ ወንድሜ ስለ ታምሩ «እርሱም እንዲህ ነበር ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽኝን አይቻለሁ። መልሱን አውቀዋለሁ። ብዕሬ ግን ዛሬ አልታዘዘኝም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

አያትሽ አምባው

---

ቶንጎ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያቴ ለመሪጌታ አምባው፤

ጤናዎን፣ የጉልበትዎን ትዕግሥት፣ የእማዬንና የቢሊሱማን ደኅንነት ከሁሉ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ። የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር ብል ግማሹን እውነት ተናገርኩ ማለት ነው፤ ሌላው ግማሽ ከታች ይመጣል።

የጆሮውን ነገር ሳነብ ሳቅኩም አለቀስኩም። አያቴ፣ ከእርሱ ጋር ስላሳለፍኩት ልጅነት ልንገርዎት። ቢሊሱማ አንደኛ ክፍል ሲገባ እኔ ስምንተኛ ነበርኩ። መምህሩ በመጀመሪያው ቀን «አፋችሁን ዝጉ» ብለው ነበር። እርሱም ዘግቶ ዋለ። ምሳውን ሳይበላ፣ ውሃ ሳይጠጣ። በማግሥቱ ርእሰ መምህሩ ከክፍሌ አስጠሩኝና «ወንድምሽን አስከፍቺልን» አሉኝ። «ቢሊሱማ፣ ማውራት ነው እንጂ መብላት አልተከለከለም» ስለው ከፈተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። ልጆች ሲስቁበት «ይህ ሳቅ የክፋት ነው፣ ያኛው የጨዋታ ነው» እለዋለሁ። እርሱ ደግሞ የሰፈሩን የማንጎ ዛፍ ሁሉ ቁጥር ሰጥቶ፣ የትኛው መቼ እንደሚያብብ፣ የትኛው ፍሬው ቃጫ እንዳለው ይነግረኛል። አንዳንድ ቀን እኅትነቱ ያኮራኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ግን ስሜ ሎዛ መሆኑ ቀርቶ «የዚያ ልጅ እኅት» መባሉ ይመረኝ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በምረቃዬ ግብዣ የሆነውን ያስታውሳሉ። ጎረቤታችን ቀሚስ አምጥተው ሲያለብሱኝ ቢሊሱማ በሰው ሁሉ ፊት «ይህ አምና ሐኒ ስትመረቅ የሰጧት ነው፤ መለሰችልዎት?» አለ። እርስዎ በነጠላዎ ውስጥ ሳቁ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ እንግዳ ወደ ቤታችን ሲመጣ አስቀድሜ ቢሊሱማን በዓይኔ እፈልጋለሁ።

አሁን ሌላው ግማሽ እውነት። እዚህ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ቶሌራ የሚባል የባምባሲ ልጅ አለ። ሰው አክባሪ ነው፤ ጾሙን ይጾማል፤ ቁም ነገር ሲጀምር በቀልድ ይጨርሳል። ልንጋባ ተስማምተናል። አጎቱ አቶ ዳበሳ ሽማግሌዎች ይዘው ወደ እናንተ ሊመጡ ይፈልጋሉ። ጾመ ነነዌ ከመግባቱ በፊት ባለው እሑድ፣ የካቲት 2፣ ቢመጡ ይቀበሏቸዋል? አባታችን በሕይወት ስለሌለ በእርሱ ቦታ የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት።

የምለምንዎት ሌላም ነገር አለኝ። በዚህ ወረቀት ላይ ግን አልደፈርኩም፤ ሙዳሲር ሲመለስ አንዲት ትንሽ ቁራጭ እልካለሁ።

ልጅዎ ሎዛ

---

አሶሳ፣ ጥር ፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

በበረት መወለድ ያላሳፈረው የጌታችን ልደት ደስታው ሳይጎድልብሽ ይክረም። ልጄ ሎዛ፣ የቶሌራን ዜና ለእናትሽ ባነበብሁላት ጊዜ እልል አለች፤ ቀጥላ «ቁመቱ ስንት ነው?» አለች፤ አልጻፍሽምና ጻፊላት። እሑዱ ይሁን ብለናል።

ቁራጯ ወረቀትሽም ደርሳለች። አጭር ነበረች፤ ግን ከረጅሞቹ ሁሉ ከበደችኝ። ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት እሑድ ቢሊሱማን ወደ ሆሞሻ እንድልከው፣ በዚያ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያፈራ የማንጎ ዛፍ አለ ብዬ እንድነግረው ለምነሻል። ቶሌራም ወንድም እንዳለሽ እንጂ እንዲህ ያለ ወንድም እንዳለሽ እንደማያውቅ፣ አጎቱ ለወግ ጥብቅ ሰው መሆናቸውንና በአንድ ቃል ተቆጥተው ከደጅ ይመለሳሉ ብለሽ መፍራትሽን ጽፈሻል። አልቆጣሽም። ከመቆጣት የሚከለክለኝ ጽድቄ አይደለም፤ ኃጢአቴ ነው። ስለ ታምሩ የጠየቅሽኝን አሁን ልመልስ።

አዎን፣ እርሱም እንዲህ ነበር። ያን ጊዜ ለነገሩ ስም አልነበረንም፤ «የዋህ» እንለው ነበር፤ ክፉዎቹ ደግሞ ሌላ ይሉት ነበር። የመንደሩን ከብት ሁሉ በድምፁ ይለያል። የሰውን ፊት ግን አያነብም፤ የሚያየውን ይናገራል። በወሎ፣ በ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.፣ ድጓዬን ጨርሼ ተመልሼ አያትሽን ላገባ ነው። አማቴ የሚሆኑት ሰው በአገሩ የተፈሩ ነበሩ፤ አፍንጫቸው ላይም ትልቅ ኪንታሮት ነበረባቸው። ታምሩ አንድ ቀን በገበያ አግኝቷቸው «ይህ አያምዎትም?» ብሏቸው ነበር። በሠርጌ ቀን ደግሞ ምን ይል ይሆን ብዬ ፈራሁ።

ስለዚህ በሠርጉ ዋዜማ ጠራሁትና «አጎታችን ለሠርጌ የላኩልኝ ጊደር ከመንገድ ጠፋች» አልሁት። እርሱም ምልክቷን ጠየቀኝ። ውሸት ያለ ምልክት አይቆምምና «ቀይ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት፤ የቀኝ ቀንዷ ጫፉ ተሰብሯል፤ ሳታገኛት አትመለስ» አልሁት። ልጄ፣ እንዲህ ያለች ጊደር በዓለም ላይ አልነበረችም።

ሰው ሲበላና ሲጠጣ፣ እኔም በዘውድና በካባ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ታምሩ ሸለቆ ለሸለቆ ይሄድ ነበር። በሦስተኛው ቀን መጣ። እግሩ ደምቷል። ከደጅ ቆሞ «አያ፣ አላገኘኋትም፤ ይቅር በለኝ» አለኝ። እኔም «ግድ የለም» አልሁት። ይቅርታ የሚገባኝ እኔ፣ ይቅር ባይ ሆኜ «ግድ የለም» አልሁት!

በሰፈራው ዘመን ለእኔ አሶሳ፣ ለእርሱ በለስ ደረሰን። ዛሬ ግልገል በለስ ከእኅታችን ልጅ ከትሩፋት ጋር ይኖራል፤ የሰው ከብት ይጠብቃል፤ ያክማል። በየዓመቱ ለመስቀል በስልክ እንገናኛለን። ጤናዬን ይጠይቃል፤ ዝናሙን ይጠይቃል፤ ከዚያም «ያቺ ጊደር ተገኘች ወይ?» ይለኛል። እኔም «አልተገኘችም» እላለሁ። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሆነ። በዚህ መካከል ስንት ጊዜ ሰው ሰብስቤ ስለ እውነት አስተምሬአለሁ።

ትእዛዝ አልሰጥሽም፤ የምትዳሪው አንቺ ነሽ። ስለ ዛፉ ለቢሊሱማ ገና አልነገርሁትም። ከነገርሁት ግን ይሄዳል። ሆሞሻን ዛፍ በዛፍ ያየዋል። ሳያገኝ ይመለሳል። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ አንቺን ይጠይቅሻል።

የምትወስኚውን በሙዳሲር ላኪልኝ።

አያትሽ አምባው

---

ቶንጎ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያቴ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እግርዎ ሩቅ ስለሆነ በወረቀት ወድቄአለሁ።

ዛፉ የለም። አይንገሩት።

ደብዳቤዎን ይዤ ጤና ጣቢያው ድረስ ሄድኩና ለቶሌራ ሁሉንም ነገርኩት፤ አፍ ስለ መዝጋቱ፣ ስለ ማንጎዎቹ፣ ስለ ቀሚሱ። እያለቀስኩ ነበር። የቀሚሱ ታሪክ ላይ ስደርስ እርሱ ወንበሩን ይዞ ሳቀ።

«ቆይ፣ ወንድምሽ እውነት ይናገራል ብለሽ ነው የምታለቅሺው? እኔ እኮ አጎቴን ዳበሳን አንድ ሰው ደፍሮ እውነት ሲነግራቸው ሳላይ እንዳልሞት ስእለት አለብኝ!»

ከዚያ ሳቁን አቆመና «ያስከፋኝ ወንድምሽ አይደለም፤ ከእኔ መደበቅሽ ነው። ሌላ የደበቅሽኝ ሰው አለ?» አለኝ። የለም አልኩት። «ሌላ ቀሚስስ?» አለኝ። ታረቅን።

ለአቶ ዳበሳ ግን ምንም አልነገርናቸውም፤ ቶሌራ «ቢነገራቸው ከመምጣታቸው በፊት ይመክሩበታል» ብሎ ከለከለኝ። ስለዚህ ፍርሃቴ አልሄደም፤ ቢሊሱማ ከቤት ይቀመጥ ስል ትዳሬን በእርሱ አንደበት ላይ እያስቀመጥኩ መሆኑን አውቃለሁ። ሥልጠናው ላይ አንድ ነገር ተምረናል፤ እንደ ቢሊሱማ ያለ ሰው የሚጨነቀው ምን እንደሚመጣ ባላወቀ ጊዜ ነው። ስለዚህ የእሑዱን ነገር ከነ ቅደም ተከተሉ ጽፌለታለሁ። ከዚህ ጋር ያለውን ወረቀት ይስጡልኝ። እንዲህ ይላል፦

«ወንድሜ ቢሊሱማ፣ እሑድ አራት እንግዶች ይመጣሉ። ተቀመጡ ሲባሉ ቶሎ አይቀመጡም፤ ወጉ ነው። ልጃችሁን ስጡን ይላሉ። አያቴ ሦስት ጊዜ እምቢ ይላሉ። ይህ ውሸት አይደለም፤ እንደ ማሕሌት ሥርዓት ነው፤ የሚመጡትም የሚቀበሉትም ያውቁታል። ከሦስተኛው በኋላ እሺ ይላሉ፤ ከዚያ ምግብ ነው። ድምፅ ከበዛብህ ወደ ዛፍህ ውጣ፤ ማንም አይቆጣህም። ስለ ስጦታ ልብስ አትናገር። እኔ ባልኖርም አስብሃለሁ። ሎዛ።»

ቁመቱ ከእኔ አንድ ስንዝር ይበልጣል፤ ለእማዬ ይንገሩልኝ።

ልጅዎ ሎዛ

---

አሶሳ፣ የካቲት ፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ዮናስን ከዓሣ አንበሪ ሆድ ያወጣ አምላክ ምስጋና ይግባው፤ እኛንም ከጭንቅ አውጥቶናል። ልጄ፣ የነነዌ ጾም ላይ ሆኜ መሳቅ ባይገባኝም ሳልስቅ መጻፍ አልቻልሁም።

አራቱ መጡ። አቶ ዳበሳ ረጅም፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ሲተክሉ ቤቱ የሚደነግጥ ሰው ናቸው። ቢሊሱማ ከበሩ አጠገብ ወረቀትሽን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። እናትሽ ከመጋረጃው ኋላ ናት። «ተቀመጡ» አልን፤ አልተቀመጡም። ቢሊሱማ ወረቀቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። አቶ ዳበሳ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያጠኑት የሚመስል ንግግር አደረጉ። እኔም «ልጃችን ገና ናት፤ ትምህርቷ አላለቀም፤ ዘመድም እንጠይቅ» ብዬ የመጀመሪያውን እምቢታ ተናገርሁ። እርሳቸው ደግሞ ተናገሩ፤ ንግግሩ አማረ። ጉልበቴ መቆሙን ጠልቶ ነበር፤ ልቤም አስቀድሞ ረክቷልና ሳላስበው «መልካም፣ እሺ ብለናል» አልሁ።

«አያቴ፣ ሁለት እምቢታ ይቀራል።»

ቢሊሱማ ነው። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እናትሽ የያዘችውን ጣለች መሰለኝ። አቶ ዳበሳ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ምን አልህ፣ ልጄ?»

«ሦስት ነው የተባለው። አንድ ብቻ ነው ያሉት። ተጽፏል።»

ወረቀቱን ሰጣቸው። ልጄ፣ በዚያች ሰዓት ትዳርሽ በአንድ ሽማግሌ ፊት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እኔም የወሎው ፍርሃት እንደገና ሲይዘኝ አወቅሁ። አቶ ዳበሳ መነጽራቸውን አውጥተው ከላይ እስከ ታች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፤ «ስለ ስጦታ ልብስ አትናገር» የሚለውንም ሳይቀር።

«ስለ ስጦታ ልብስ ምንድን ነው?»

«አትናገር ተብሏል» አለ ቢሊሱማ።

አቶ ዳበሳ በመጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ዘንጋቸው ወደቀ። ሲስቁ ሦስቱም አብረው ሳቁ። «አርባ ዓመት ሽምግልና ሄጃለሁ፤ ሥርዓቱን እንዲህ የሚጠብቅ ቤት ገና ዛሬ አየሁ! እንግዲህ አይጉደልብን፤ መሪጌታ፣ እምቢ ይበሉን!» አሉ። እኔም ሁለት ጊዜ እምቢ አልሁ፤ እርሳቸውም ሁለት ጊዜ ለመኑኝ፤ ቢሊሱማ በጣቱ ቆጠረ። በመጨረሻ ወደ እርሱ ዞረው «አሁንስ?» አሉት። «አሁን እሺ ነው» አላቸው።

ተቀመጥን። አቶ ዳበሳ ልጁን ከጎናቸው አስቀምጠው «አንተ ንገረኝ፤ እኅትህ እንዴት ያለች ናት?» አሉት።

«ስትቆጣ ሳህን ታጋጫለች። እንቅልፍ ስለምትወድ ቶሎ አትነሣም። ልጆች ሲስቁብኝ ምን ማለታቸው እንደሆነ ትነግረኝ ነበር። አንድም ቀን ዋሽታኝ አታውቅም። አሁን ቶንጎ ስለሆነች ብዙ ሳቅ ምን እንደሆነ አላውቅም።» ቀጥሎም «የእናንተ ሳቅ ቅድም የምን ነበር?» አላቸው።

«የደስታ ነው፣ ልጄ» አሉት፤ ደገሙለትም። «የደስታ ነው።»

«እሺ። ግቢያችሁ ውስጥ ስንት የማንጎ ዛፍ አለ?»

«እንጃ።»

«የራስዎን ዛፍ አያውቁም?»

ይህን ለቶሌራ ንገሪው፤ ስእለቱ ሰምሯል።

«አንድም ቀን ዋሽታኝ አታውቅም» ያለውን ስሰማ ስለ ሆሞሻው ዛፍ የጻፍሽባት ቁራጭ ወረቀትሽ በኪሴ ነበረች። በማግሥቱ አቃጠልኋት።

ሲሄዱ አቶ ዳበሳ ከደጅ ቆመው «በእኛ ቤት ወግ ለልጅቷ ቤት ጊደር ይነዳል። ይህቺኛዋ ግን የዚህ ልጅ ናት» አሉ። «ጊደር» የሚለውን ቃል ስሰማ ምን እንደሆንሁ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አያትሽ አምባው

---

ቶንጎ፣ መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ አያቴ፣ ጾሙ እንዴት ይዞዎታል?

የዚያን እሑድ ደብዳቤ ቶሌራ አንብቦ ካበቃ በኋላ ለራሱ ሊያስቀረው ፈልጎ ተጣልተን ነበር። በመጨረሻ እኔ ዘንድ ቀረ። ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሚያዝያ 26 እንዲሆን ተስማምተናል። ከበሮው ከቤቱ ርቆ እንዲመታ ለቶሌራ ነግሬዋለሁ።

ስጦታ ምን እንደምፈልግ በሙዳሲር ጠይቀውኛል። ብርድ ልብስ አለኝ፤ ድስትም አለኝ። የምፈልገው ከግልገል በለስ የሚመጣ አንድ ሰው ነው። እኔ ዛፌን ሰርዣለሁ። አሁን ተራው የእርስዎ ነው።

ልጅዎ ሎዛ

---

አሶሳ፣ ግንቦት ፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

በቃና ሠርግ የተገኘው ጌታ ከቤትሽ አይለይ። ልጄ ሎዛ፣ ለቶሌራም ሰላምታዬ ይድረሰው። ከሠርጉ ማግሥት ጀምሮ የሆነውን አላየሽምና ጠይቀሻል፤ ልመልስ።

ታምሩ ከትሩፋት ጋር ሁለት ቀን ተጉዞ መምጣቱን፣ ከበሮው ሲጀመር እርሱና ቢሊሱማ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ አብረው ተነሥተው ወደ ማንጎው ሥር መሄዳቸውን በቬሎሽ ውስጥ ሆነሽ አይተሻል። ከዚያ በኋላ አራት ቀን እዚያው ናቸው ማለት ይቻላል። አንዱ ስለ ማንጎ ያወራል፤ ሌላው ስለ ከብት ያወራል፤ አንዳቸውም የሌላውን አይመልሱም፤ ሁለቱም እጅግ ደስ ብሏቸዋል። እናትሽ ምሳ ይዛ ሄዳ ብዙ ቆማ ሰማቻቸውና «አባባ፣ እኔ እኮ ጭቅጭቅ መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

ማክሰኞ የአቶ ዳበሳ ሰዎች ጊደሯን ከባምባሲ ይዘው መጡ። ሙዳሲር ነው በአይሱዙ የጫነው፤ «ያ ሼኽ፣ ሙሽራው መጣ!» እያለ መለከት ነፋ፤ ጊደሯ ናት ሙሽራው። ታምሩ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ መጣ። ጥርሷን አየ፤ ጆሮዋን ዳሰሰ፤ ግንባሯን፣ ቀጥሎ የቀኝ ቀንዷን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አያ፣ ይህቺ አይደለችም። ይህቺ ጥቁር ናት። ያቺ ቀይ ነበረች።»

ሰዎቹ እስኪሄዱ ጠበቅሁ። አብረን ከአጥሩ አጠገብ ተቀመጥን። ስብከት አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ።

«ታምሩ፣ ያቺ ጊደር አልጠፋችም ነበር።»

«ተገኝታ ነበር?»

«አልነበረችም። አጎታችን ምንም አልላኩም። እኔ ነኝ የፈጠርኋት።»

ጊደሯን እያየ አንገቷን አሻሸ። እኔም ቁጣውን እጠብቅ ነበር፤ ይገባኛልና።

«እንግዲያስ ያላገኘኋት መፈለግ ስላልቻልሁ አይደለም» አለ።

«አይደለም፣ ወንድሜ።»

«በደንብ ፈልጌአለሁ።»

«በደንብ ፈልገሃል።»

«ሦስት ቀን።»

«ሦስት ቀን።»

ልጄ፣ ያን ጊዜ ፊቱ ሲፈታ አየሁ። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የወንድሙን ጊደር ያጣ ሰነፍ ነኝ ብሎ ሲኖር ነበር። ሸክሙን ያወረደለት ውሸቴን መስማቱ ነው። እኔ ቁስሉን እየጠበቅሁ፣ እርሱ ምስክር ወረቀቱን አገኘ። ቀጥሎ ግን ጠየቀኝ፦

«ለምን ጊደር አልኸኝ? ‹ሠርጉ ላይ አትምጣ› ብትለኝ እኮ አልመጣም ነበር።»

ተነሥቼ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ጉልበቴ እንደ ለመደው አጉረመረመ፤ እርሱም ክንዴን ይዞ «ቁጭ በል፤ ጉልበትህ ያምሃል» አለኝ። ተቀመጥሁ። አልቅሼ ስጨርስ እንዲህ አልሁት፦

«አሁንስ ና ብዬህ አይደል?»

«አዎን» አለ። «መጥቻለሁ።»

ከዚያ ቢሊሱማን ጠርቶ ለጊደሯ ውሃ መቼ መቼ እንደሚሰጣት ያስተምረው ጀመር፤ ቢሊሱማም በማስታወሻው ላይ ቁጥር ሰጣት። የማንጎዎቹ ቁጥር ካበቃበት ቀጥሎ ነው።

ታምሩ እስከ መስቀል እኛ ዘንድ ይቆያል። ለሚመጣው መስቀል ስልክ አያስፈልገንም፤ የሚጠይቀኝም ሌላ ነገር መሆን አለበት።

አዎንን አዎን፣ አይደለምን አይደለም እንድንል ያስተማረን አምላክ፣ ከእኛ መካከል ይህን ያለ ድካም የሚፈጽሙትን ወንድሞቻችንን በደጃችን ያኑርልን። አንቺንና ቶሌራን እንደ ቢሊሱማ ዛፎች በየወቅታችሁ አብባችሁ የምታፈሩ ያድርጋችሁ። በቤታችሁ የሚሰማው ሳቅ ማንም «የምን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «የደስታ ነው» የሚባል ይሁን። ይህን ወረቀት ለሚያነቡ ሁሉ፣ ከነቤተሰባቸው፣ የራቀ ወንድማቸውን «ና» ለማለት ዕድሜና አንደበት ይስጣቸው። አሜን።

አያትሽ መሪጌታ አምባው